ከሾለ መርፌ ወደ ዱልዱም ካኑላ፦ የግላኮማ ቀዶ ሕክምና ማደንዘዣ ወዴት እየሄደ ነው?

ከደሴና ከደብረ ብርሃን የሚመጣው መንገድ ለገጣፎን አልፎ አዲስ አበባ የሚገባው በካራና በኮተቤ በኩል ነው። ከወሎ፣ ከመንዝ ወይም ከይፋት ዓይኑን ሊታከም የመጣ ሰው ላምበረት መናኸሪያ ይወርድና በመገናኛ አድርጎ፣ እዚያው የካ ክፍለ ከተማ ውስጥ ወዳለው ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ያቀናል። የኮተቤ ነዋሪም ከጤና ጣቢያ ሪፈር ሲጻፍለት ብዙ ጊዜ የሚሄደው ወደዚያው ነው። መቶ ዓመት የተሻገረው ይህ ሆስፒታል የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የዓይን ሕክምና ትምህርት ክፍል መቀመጫ ሲሆን፣ በየክልሉ ተበትነው ከሚያገለግሉት የዓይን ሐኪሞች ብዙዎቹ የሠለጠኑት እዚያ ነው። 

በዚህ መንገድ ከሚመጡት መካከል የግላኮማ ሕመምተኞች አብዛኛውን ጊዜ ዘግይተው ይደርሳሉ። አንዱ ዓይን ጠፍቶ፣ ሌላው ከጎንና ከጎን ጠብቦ መሐሉ ብቻ ሲቀር ነው በር የሚያንኳኩት። ቀዶ ሕክምና ሲወሰንላቸው የሚጠይቁት የታወቀ ነው፤ ዓይኔ ይተርፋል ወይ? ስንት ያስከፍላል? መቼ ልመለስ? ማደንዘዣው በምን ዓይነት መንገድ እንደሚሰጥ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም። ሐኪሙም ሳይጠየቅ አያብራራም።

ጉዳዩ ግን ዝም ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ባለፉት 30 ዓመታት በዓለም ላይ የዓይን ማደንዘዣ አሰጣጥ ከዓይን ኳስ ጀርባ ከሚገባ የሾለ መርፌ ወደ ዱልዱም ካኑላ (ጫፉ ያልሾለ ቀጭን ቱቦ) እና ወደ ጠብታ እየተሸጋገረ መጥቷል። ለዓይን ሞራ ታካሚ ይህ ሽግግር ምቾትና ደኅንነት ነው። ለግላኮማ ታካሚ ከዚያ ያልፋል፤ የቀረችው የዓይን ነርቭ መትረፍና አለመትረፍ የሚወሰነው ከቢላው በፊት በሚሰጠው ማደንዘዣም ጭምር ነውና። ስለዚህ ከሞራ ቀዶ ሕክምና የተወረሰውን ልማድ እንዳለ ለግላኮማ ማዋል ከእንግዲህ ሊቀር ይገባዋል።

ግላኮማ ከሞራ በምን ይለያል?

በ1998 ዓ.ም. የተካሄደው ብሔራዊ የዓይነ ስውርነት ጥናት ከሕዝባችን 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር መሆኑን አሳይቷል። ከመንስኤዎቹ ግማሽ ያህሉን የያዘው የዓይን ሞራ ነበር፤ የትራኮማ ጠባሳ 11.5 በመቶ፣ ግላኮማ ደግሞ 5.2 በመቶ ድርሻ ነበራቸው። በቁጥር ሲታይ ግላኮማ ከኋላ ነው። ነገር ግን ሞራው ሲወጣ ብርሃን ይመለሳል፤ በግላኮማ የጠፋ ብርሃን በምንም መንገድ አይመለስም። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ዓለም አቀፍ ግምትም በ2040 የግላኮማ ሕሙማን ቁጥር ከ111 ሚሊዮን እንደሚያልፍ፣ ትልቁ ጭማሪም በእስያና በአፍሪካ እንደሚሆን ያመለክታል።

ነገሩ የሚጀምረው ዓይን ውስጥ ያለማቋረጥ ከሚመነጭ ጥርት ያለ ፈሳሽ ነው። ፈሳሹ በጥቁሩ የዓይን ክፍል ጠርዝ ባለች ወንፊት መሰል መውጫ ይፈሳል። መውጫው ሲደፈን ግፊቱ ይጨምራል። ጤነኛ ዓይን ውስጥ ግፊቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 21 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው። ከዚህ ሲያልፍ፣ አንዳንዴም ሳያልፍ፣ ምስልን ወደ አንጎል የሚያደርሰው የዓይን ነርቭ ቀስ በቀስ ይሞታል። በአገራችን ደግሞ በዓይን ውስጥ እንደ ዱቄት ያለ ብናኝ እየተጠራቀመ መውጫውን የሚዘጋበት፣ ሐኪሞች ኤክስፎሊዬሽን የሚሉት ዓይነት በብዛት ይታያል። በዚህ ዓይነት ግላኮማ ግፊቱ በጣም ከፍ ይላል፤ ብሌኑም ለማስፊያ ጠብታ በቀላሉ አይታዘዝም።

ግፊቱን የሚቀንሰው ጠብታ ሲያቅት ወይም ታካሚው ዕድሜ ልክ ጠብታ መግዛት ሲያቅተው ቀዶ ሕክምና ይመጣል። በብዛት የሚሠራው እንግሊዛዊው ጆን ኬርንስ እ.ኤ.አ. በ1968 ያስተዋወቀው ትራቤኩሌክቶሚ ነው። ሐኪሙ በላይኛው የዓይን ነጭ ክፍል ላይ ትንሽ መዝጊያ ቀርጾ ከሥሯ ቀዳዳ ያበጃል፤ ፈሳሹ በዚያ ወጥቶ ኮንጃንክታይቫ በሚባለው ስስ ሽፋን ሥር ይጠራቀማል፤ ሰውነትም ቀስ በቀስ ይመጠዋል። ቀዳዳው በጠባሳ እንዳይደፈን ማይቶማይሲን የሚባል መድኃኒት ይቀባል። ጠባሳ በቀላሉ በሚያበጀው የአፍሪካ ሕዝብ ዘንድ ይህ መድኃኒት ትልቅ ቦታ አለው።

ከዚህ የሥራ ቅደም ተከተል ሁለት ነገር ልብ ይሏል። አንደኛ፣ ነርቩ አስቀድሞ የተጎዳ በመሆኑ ለአጭር ጊዜም ቢሆን የግፊት መጨመርን ወይም የደም እጥረትን የመቋቋም አቅሙ ትንሽ ነው። ሁለተኛ፣ ኮንጃንክታይቫው የቀዶ ሕክምናው ዋና መሣሪያ ነው፤ በማደንዘዣ ምክንያት ቢደማ፣ ቢያብጥ ወይም ቢቀደድ አዲሱ መውጫ ይበላሻል። የሞራ ሐኪም በእነዚህ ሁለት ነገሮች ብዙም አይጨነቅም። የግላኮማ ሐኪም ግን ማደንዘዣ ሲመርጥ የሚመዝነው እነዚህን ነው።

ከኮኬይን እስከ ካኑላ

የዓይን ማደንዘዣ ታሪክ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1884 ቪየና ላይ ነው። ወጣቱ ሐኪም ካርል ኮለር የኮኬይን ጠብታ ዓይንን እንደሚያደነዝዝ አሳየ። ከዚያ በፊት የዓይን ቀዶ ሕክምና የሚሠራው ታካሚው ተይዞ ነበር። በዚያው ዓመት ሄርማን ክናፕ መድኃኒቱን ከዓይን ኳስ ጀርባ በመርፌ መስጠት ሞከረ። እ.ኤ.አ. በ1936 አሜሪካዊው ዋልተር አትኪንሰን ይህን ዘዴ ሥርዓት አስይዞ ጻፈው፤ ታካሚው ወደ ላይና ወደ አፍንጫው እያየ መርፌው ከሥር ይገባል። ለ50 ዓመት ያህል ዓለም በዚህ ሠራ።

በኋላ ግን ከዘዴው አንዱ ነገር ስሕተት ሆኖ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ1981 በሲቲ ስካን የተደረገ ጥናት ታካሚው ወደ ላይና ወደ አፍንጫው ሲያይ የዓይን ነርቩ ተጎትቶ መርፌው የሚያልፍበት መንገድ ላይ እንደሚመጣ አሳየ። ነርቩን ለማዳን የተኛው ሰው ነርቩን ለመርፌው ሲያቀርብ ኖሯል ማለት ነው። ዛሬ በመርፌ የሚሰጥ ሐኪም ታካሚውን ፊት ለፊት እንዲያይ ያዝዘዋል፤ የመርፌውም ርዝመት ከ31 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ ይመከራል።

እ.ኤ.አ. በ1986 ዴቪስና ማንደል መርፌውን ከዓይን ጡንቻዎች ቅርጫት ውጭ የሚያሳርፈውን፣ ፔሪቡልባር የተባለውን ዘዴ አቀረቡ። መርፌው ከነርቩ ይርቃል፤ ነገር ግን መድኃኒቱ ዘልቆ እንዲደርስ ብዙ መጠን ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ1992 ደግሞ ጁሊያን ስቲቨንስ ሹል መርፌን ጭራሹን ትቶ፣ የዓይን ኳስን በሸፈነው ቴኖን በተባለ ስስ ከረጢት ሥር በዱልዱም ካኑላ ማደንዘዣ የሚገባበትን መንገድ አስፋፋ። በዚያው ዘመን ለሞራ ቀዶ ሕክምና ጠብታ ብቻውን እንደሚበቃ የሚያሳዩ ሥራዎች መውጣት ጀመሩ።

የመርፌው ዕዳ

ከዓይን ጀርባ የሚሰጥ መርፌ ጥሩ ያደነዝዛል። ዓይን አይንቀሳቀስም፣ ሕመም የለም፣ ሐኪሙ ተረጋግቶ ይሠራል። ለዚህም ነው እስከ ዛሬ የቆየው። ችግሩ ሐኪሙ የመርፌውን ጫፍ ማየት አለመቻሉ ነው፤ በእጅ ስሜትና በአናቶሚ እውቀት ብቻ ይሄዳል። ደም ሥር ቢነካ ከዓይን ጀርባ ደም ይጠራቀማል፤ ቀዶ ሕክምናውም ለሌላ ቀን ይተላለፋል። አልፎ አልፎ ደግሞ የዓይን ኳስ ራሱ ይወጋል። በተለይ ሩቅ ማየት የሚያቅታቸውና ወፍራም መነጽር የሚያደርጉ ሰዎች ዓይናቸው ረጅም ስለሆነ አደጋው ይጨምርባቸዋል።

ከሁሉ የሚያስፈራው መድኃኒቱ በነርቩ ሽፋን በኩል ወደ አንጎል ሲሰርግ ነው። ከ6,000 በላይ መርፌዎችን ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ1987 የታተመ ሥራ ይህ ከ375 አንድ ጊዜ ያህል እንደደረሰ ዘግቧል። ታካሚው በደቂቃዎች ውስጥ ግራ ይጋባል፣ ይደነግጣል፣ አንዳንዴም ትንፋሹ ይቋረጣል። በአፋጣኝ ከታገዘ ይተርፋል። ስለዚህ መርፌው በሚሰጥበት ክፍል የኦክስጅን መለኪያ፣ በእጅ እየተጨመቀ ትንፋሽ የሚሰጥ አምቡ ባግና በእነዚህ መሥራት የሚችል ሰው ሊኖሩ ይገባል። በብሪታንያ ከ20 ዓመት ገደማ በፊት የተካሄደው ብሔራዊ ቅኝትም በሹል መርፌ ከባድ ችግር የሚደርሰው በካኑላ ከሚደርሰው የበለጠ ሆኖ አግኝቶታል።

ለግላኮማ ታካሚ ሌላም ይጨመርበታል። የዓይን ጎድጓዳ አጥንት የሚይዘው 30 ሚሊ ሊትር ያህል ብቻ ነው፤ ከዚያ ውስጥ የዓይን ኳስ ራሱ ወደ 7 ሚሊ ሊትር ይወስዳል። በዚህ ጠባብ ቦታ 6 ወይም 8 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ሲጨመር የዓይን ግፊት ወዲያው ይዘላል። ለሞራ ታካሚ ይህን ለማውረድ ዓይኑን በእጅ ወይም በልዩ ፊኛ ለጥቂት ደቂቃ መጫን የተለመደ ነው። ግላኮማ ባለበት ዓይን ግን ያው መጫን ነርቩ ላይ የሚያርፍ ተጨማሪ ሸክም ነው። ማደንዘዣው ቶሎ እንዳይበተን ተብሎ አድሬናሊን ቢጨመርበት ደግሞ ነርቩን የሚመግቡት ጥቃቅን ደም ሥሮች ሊጠብቡ ይችላሉ። ለዚህ ነው ለግላኮማ አድሬናሊን የሌለው መድኃኒት፣ አነስተኛ መጠንና ያለመጫን የሚመከሩት።

የግላኮማ ሐኪሞች የሚፈሩት አንድ ክስተት አለ። ከቀዶ ሕክምናው በፊት መሐሉን ብቻ ያይ የነበረ ሰው፣ በማግሥቱ ጨርቁ ሲነሣ ያቺም መሐል ጠፍታ ይገኛል። በዘመናዊ ጥናቶች ይህ ከ1 በመቶ በታች ነው። ምክንያቱም አንድ አይደለም፤ የግፊት ድንገተኛ መውረድ፣ ከቀዶው በኋላ የሚመጣ የግፊት መዝለልና ከጀርባ የሚገባው መርፌ ሁሉም ይጠረጠራሉ። ሐኪሙ ከእነዚህ ውስጥ አስቀድሞ ሊያስወግደው የሚችለው መርፌውን ነው።

ካኑላው እንዴት ይሠራል?

ሂደቱ ቀላል ነው። መጀመሪያ የማደንዘዣ ጠብታ ይጨመራል። ከዚያ ዓይኑ በፖቪዶን አዮዲን ይጸዳል፤ ሽፋሽፍቱ በማስከፈቻ ይያዛል። "አባባ፣ ወደ ላይና ወደ ውጭ ይመልከቱልኝ" ይባላሉ። በዚህ ጊዜ በአፍንጫ በኩል ያለው የታችኛው የዓይን ነጭ ይጋለጣል። ሐኪሙ ከጥቁሩ ክፍል ጠርዝ ከ5 እስከ 7 ሚሊ ሜትር ርቆ ኮንጃንክታይቫውን በመቆንጠጫ ያነሣና ጫፉ ባልሾለ መቀስ ትንሽ ይሰነጥቀዋል። ነጩ የዓይን ግድግዳ እስኪታይ ድረስ ቴኖኑን ይከፍታል። ከዚያ ጎበጥ ያለውን ዱልዱም ካኑላ በግድግዳው ላይ እያስደገፈ ወደ ኋላ ያሳልፈዋል፤ 2 ወይም 3 ሚሊ ሊትር ሊዶኬይን የተባለ ማደንዘዣ፣ ረዘም ላለ ሥራ ከቡፒቫኬይን ጋር የተቀላቀለ፣ ቀስ እያለ ይገፋል። በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ዓይኑ ይደነዝዛል።

ቦታው የታችኛው አፍንጫ በኩል መሆኑ በአጋጣሚ አይደለም። ትራቤኩሌክቶሚ የሚሠራው ከላይ ስለሆነ፣ የላይኛው ኮንጃንክታይቫ ሳይነካ ለአዲሱ መውጫ ይቀመጣል። የካኑላው ጫፍ ስላልሾለ ኳሱን ወይም ነርቩን የመውጋት ዕድሉ እጅግ ይቀንሳል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ለሚወስዱ ሰዎችም የተሻለ ነው። በአገራችን የሩማቲክ የልብ ሕመም ብዙ ስለሆነ፣ ቫልቭ ተቀይሮላቸው ዋርፋሪን የሚውጡ የዓይን ሕሙማን ብርቅ አይደሉም።

ጉድለትም አለው። በስንጥቁ በኩል ደም ሊታይ ይችላል፤ መድኃኒቱ ወደ ፊት ተመልሶ ኮንጃንክታይቫውን ሊያሳብጠው ይችላል፤ ሲበዛ እብጠቱ እስከ ላይ ይደርሳል። ቀደም ሲል ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ዓይን ላይ ቴኖኑ ከግድግዳው ተጣብቆ መንገድ ሊከለክል ይችላል። የእጅ ልምድም ይጠይቃል። ሆኖም እነዚህ ችግሮች ዓይንን የሚያሳጡ አይደሉም፤ ከመርፌው ጋር ሲመዘኑ የሚቀልሉትም በዚህ ነው።

ከወጪ አንጻርም ለእኛ ይስማማል። ከብረት የተሠራው ካኑላ በኦቶክሌቭ እየተቀቀለ ደጋግሞ ይሠራል። እሱም ከጠፋ፣ መርፌው የወጣለትን የደም ሥር የፕላስቲክ ካኑላ ለዚሁ ሥራ ያዋሉ ሐኪሞች በሕክምና መጽሔቶች ላይ ልምዳቸውን ጽፈዋል። መድኃኒቱም ጥርስ ነቃዩም፣ የቆዳ ሐኪሙም የሚጠቀምበት ያው ሊዶኬይን ነው። ስለዚህ ከመርፌ ወደ ካኑላ ለመሸጋገር ሚሊዮኖች የሚያወጣ ማሽን አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ሥልጠናና ውሳኔ ነው።

ጠብታ ብቻውን ይበቃል?

ከካኑላው ቀጥሎ ያለው እርምጃ መድኃኒት ከዓይን ጀርባ ጭራሽ አለማስገባት ነው። ሐኪሙ የማደንዘዣ ጠብታ ወይም ጄል ያደርጋል፤ በሚሠራበት ቦታ ከኮንጃንክታይቫው ሥር ትንሽ ሊዶኬይን ይሰጣል፤ አንዳንዱም መከላከያ ኬሚካል የሌለበትን ሊዶኬይን በዓይኑ ውስጥ ጠብ ያደርጋል። የዓይን ግፊት አይጨምርም፣ ነርቩም አይነካም። ዓይኑ ስለሚንቀሳቀስ ታካሚው ሲታዘዝ ወደ ታች ያያል፤ ይህ ደግሞ ከላይ ለሚሠራው ሐኪም ቦታውን ይከፍትለታል።

ትልቁ ጥቅም ግን አንድ ዓይን ብቻ የቀረው ሰው ጋ ይታያል። ከጀርባ መርፌ የተወጋ ዓይን ለሰዓታት ምንም አያይም። ሁለት ዓይን ላለው ይህ ችግር አይደለም። አንድ ዓይን ብቻ ያላት እናት ግን ከቀዶው ክፍል ስትወጣ ፍጹም ጨለማ ውስጥ ትገባለች፤ ሽንት ቤት ለመሄድም ሆነ ውኃ ለመጠጣት እስከ ማግሥቱ ሰው እጅ ላይ ትወድቃለች። "ታወርኩ" ብላ ሌሊቱን የምታድረው ፍርሃትም ሕመም ነው። በጠብታ የተሠራላት ከሆነ ጭጋግ ቢኖርም ብርሃን ይታያታል።

ሆኖም ጠብታ ለሁሉም አይሆንም። አይሪሱ (ባለ ቀለሙ የዓይን ክፍል) ሲነካ ታካሚው ይሰማዋል። ሥራው አንድ ሰዓት ገደማ ሊፈጅ ስለሚችል በዚያ ሁሉ ጊዜ የሚባለውን እየሰማ፣ ጭንቅላቱን ሳያነቃንቅ መቆየት አለበት። መስማት የተሳነው፣ በጣም የሚፈራ ወይም የሐኪሙን ቋንቋ የማይረዳ ሰው በጠብታ ብቻ ቢሠራለት ለራሱም ለሐኪሙም ፈተና ነው። ከኦሮሚያ፣ ከአፋር ወይም ከሶማሌ የመጣ ታካሚ "ወደ ታች ይመልከቱ" የሚለው ትእዛዝ በራሱ ቋንቋ ካልተነገረው ዘዴው ይከሽፋል። ስለዚህ ጠብታ ልምድ ባለው እጅ፣ በተመረጠ ታካሚ፣ አስተርጓሚም ባለበት ሊሠራ ይገባል።

ሁለት ሁኔታዎች ደግሞ ከዚህ መንገድ ይወጣሉ። ፈሳሽ የሚያመነጨውን የዓይን ክፍል በዳዮድ ጨረር የማዳከም ሕክምና በጣም ስለሚያም ጠንካራ ማደንዘዣ ይፈልጋል፤ እዚያ ካኑላው ወይም መርፌው ቦታውን አይለቅም። በግላኮማ የተወለዱ ሕፃናት ደግሞ ያለ ሙሉ ሰመመን አይሠራላቸውም። ለእነሱ ወሳኙ ለሕፃናት የሠለጠነ የሰመመን ባለሙያ መገኘቱ ነው። በአገራችን በስፋት በሥራ ላይ ያለው ኬታሚን የዓይን ግፊት ልኬትን ሊያዛባ ስለሚችልም፣ ልኬቱ ሰመመኑ እንደተሰጠ ቶሎ መወሰድ አለበት።

የእኛ ሀገር ሁኔታ

ኢትዮጵያ በዓይን አካባቢ ማደንዘዣ በመስጠት ልምድ የላትም ማለት አይቻልም። በዓለም ከፍተኛው የትራኮማ ሸክም ያለባት አገር እንደመሆኗ፣ ለዓመታት በገጠር ጤና ጣቢያዎች ነርሶች የታካሚዎችን ሽፋሽፍት በሊዶኬይን እያደነዘዙ ወደ ውስጥ የታጠፈውን አቃንተዋል። በሞራ ዘመቻዎች ደግሞ ታካሚዎች በአግዳሚ ተደርድረው አንድ በአንድ መርፌ እየተሰጣቸው በቀን በመቶዎች ይሠራላቸዋል። ይህ ሀብት ነው። ችግሩ ከሞራ ዘመቻ የመጣው ፍጥነትና ልማድ ሳይመዘን ወደ ግላኮማ ሲሻገር ነው። ሽፋሽፍት ማደንዘዝና ከዓይን ጀርባ ማደንዘዝ የተለያዩ ሙያዎች ናቸው፤ ለሞራ የበቃ መርፌም ለግላኮማ በቃ ማለት አይደለም።

የየካ አካባቢ ሕይወት ራሱ አንድ ነገር ያስታውሳል። ከእንጦጦ ጫካ እንጨት እየተሸከሙ የኖሩ፣ ዘመናቸውን በጭስ ቤት ያሳለፉ እናቶች ብዙዎቹ ሳል አለባቸው። ዓይን ተከፍቶ ሳለ አንዲት ከባድ ሳል ከዓይን ግድግዳ ሥር ደም እንዲፈስ ልታደርግ ትችላለች፤ ግፊቱ በጣም ከፍ ብሎ የቆየ ዓይን ደግሞ ለዚህ ይበልጥ ይጋለጣል። ጀርባን ዘርግቶ መተኛት የማይችል የልብ ወይም የሳንባ ሕመምተኛም እንዲሁ ነው። እንዲህ ያለ ታካሚ ማደንዘዣው ከመመረጡ በፊት ሳሉ መታከም፣ አተኛኘቱም መስተካከል አለበት። ይህን የሚያወጣው በቀዶ ሕክምናው ዕለት ጠዋት የሚደረግ ችኩል ጥያቄ አይደለም፤ ከሳምንት በፊት ቁጭ ብሎ የሚደረግ ምክክር ነው።

ጾምም ግራ ያጋባል። ብዙ ታካሚዎች ለማንኛውም ቀዶ ሕክምና ባዶ ሆድ መሆን ግዴታ ይመስላቸዋል። የብሪታንያ የሰመመንና የዓይን ሐኪሞች ኮሌጆች እ.ኤ.አ. በ2012 በጋራ ባወጡት መመሪያ መሠረት ማስተኛ መድኃኒት ካልታከለበት ለአካባቢ ማደንዘዣ ባዶ ሆድ መሆን አያስፈልግም። የስኳር ታማሚ የሆነች አዛውንት በዐቢይ ጾም ጭምር ሳትበላ እስከ ከሰዓት ተራ ብትጠብቅ የሚጎዳት ረሃቡ ነው። እርግጥ እያንዳንዱ ሆስፒታል የራሱ ደንብ አለው፤ ታካሚው ያንን አስቀድሞ መጠየቅ አለበት።

ጸበልንም በዝምታ ማለፍ አይገባም። የእንጦጦ ማርያምንና የእንጦጦ ኪዳነ ምሕረትን ደጅ የሚጠኑ የዓይን ሕሙማን ብዙ ናቸው። ሐኪም እምነታቸውን ሊነካ አይገባም። ማለት ያለበት ሁለት ነገር ነው፤ ጸበል ቦታ እያሉ ጠብታው አይቋረጥ፤ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ደግሞ ሐኪሙ እስኪፈቅድ ድረስ ዓይን ውስጥ ውኃ አይግባ። አዲስ የተከፈተው መውጫ ለጀርም በር ነውና። ይህ በአክብሮት ሲነገር የማይሰማ ሰው ጥቂት ነው።

አንድ ሌላ ዕድገትም አለ። ታንዛኒያ ሞሺ ውስጥ በተካሄደ እ.ኤ.አ. በ2021 በታተመ ጥናት፣ ኤስኤልቲ በተባለ ጨረር የታከሙ ዓይኖች ከአንድ ዓመት በኋላ 61 በመቶ ሲሳካላቸው፣ በቲሞሎል ጠብታ የታከሙት ግን 31 በመቶ ብቻ ተሳክቶላቸዋል። ይህ ጨረር የሚፈልገው ማደንዘዣ አንድ ጠብታ ብቻ ነው። ታካሚው ወንበር ላይ ተቀምጦ በደቂቃዎች ይጨርስና በእግሩ ይሄዳል። ማሽኑ ውድ ነው፤ ግን በምሥራቅ አፍሪካ ሕዝብ ላይ የተገኘ ውጤት መሆኑ ለእኛ ክብደት አለው። በጊዜ የተገኘ ታካሚ በጨረር ከተያዘ፣ ቀዶ ሕክምናና ማደንዘዣው ለጠና በሽተኛ ይቀራሉ።

ምን ይደረግ?

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ድምዳሜ ይህ ነው። ለአዋቂ ታካሚ ትራቤኩሌክቶሚ ሲሠራ መነሻው ካኑላ ይሁን፤ ጠብታና ትንሽ የኮንጃንክታይቫ መርፌ ልምድ ላላቸው ሐኪሞችና ለተመረጡ ታካሚዎች፣ በተለይም አንድ ዓይን ብቻ ለቀራቸው ይዋሉ፤ ከጀርባ የሚገባው ሹል መርፌ ሌላው መንገድ ሲዘጋ ብቻ፣ በአነስተኛ መጠን፣ ያለ አድሬናሊንና ያለ መጫን ይሰጥ። ሁሉንም በአንድ ሌሊት መለወጥ አይቻልም። መጀመሪያ መለወጥ የሚገባው ግን የማሠልጠኛው ቦታ ነው። ዛሬ ምኒልክ፣ ጎንደር ወይም ጅማ ሬዚደንት የሆነ ሐኪም የሚማረው ዘዴ ለሚቀጥሉት 30 ዓመታት በመላ አገሪቱ የሚሠራበት ዘዴ ይሆናል።

ሁለተኛው መዝገብ ነው። በእያንዳንዱ የግላኮማ ቀዶ ሕክምና ካርድ ላይ የማደንዘዣው ዓይነት፣ መጠኑና የማግሥቱ እይታ አብረው ቢጻፉ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሌላ አገር የተሠራ ጥናት ከመጥቀስ ወጥተን በራሳችን ሕሙማን ቁጥር መከራከር እንችላለን። ለዚህ የሚያስፈልገው በካርዱ ላይ አንድ መስመር መጨመር ብቻ ነው።

ታካሚውና አስታማሚውም ድርሻ አላቸው። ቀጠሮ ሲያዝ ለሐኪሙ ይንገሩ፤ የቀረኝ አንድ ዓይን ነው፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት እወስዳለሁ፣ ሳል አለብኝ፣ በጀርባዬ መተኛት አልችልም፣ ወፍራም መነጽር አደርጋለሁ፣ ዓይኔ ከዚህ በፊት ተሠርቶ ነበር። ከዚያ ይጠይቁ፤ ማደንዘዣው በመርፌ ነው፣ በካኑላ ወይስ በጠብታ? ለምን እሱ ተመረጠ? ቁርስ ልብላ? ጥሩ ሐኪም በዚህ አይቆጣም፤ እንዲያውም ያስደስተዋል። ከአርባ ዓመት በላይ ከሆኑ፣ በተለይም በቤተሰብዎ በግላኮማ የታወረ ሰው ካለ፣ ሕመም እስኪሰማዎ አይጠብቁ፤ ግላኮማ ሳያም ነው የሚያጠፋው። ዛሬውኑ የዓይንዎን ግፊትና ነርቭ ያስመርምሩ።